በጎርፍ ቀን የበራው አረንጓዴ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ድልድይ ሳይሠራላት ኮምፒውተር የተገዛላት አንዲት የቆላ ከተማ ነበረች። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ፣ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ሰዉም ባጃጁም የሚሻገረው በዚያው በአሸዋው ላይ ስለሆነ በየዓመቱ ሰው ይወሰድ ነበር። የአንድ እናት ልጆች የሆኑት አንዳርጌ፣ ትርንጎና ልዑልሰገድ ለዚህ መላ አበጁ። ከመሻገሪያው በላይ፣ ወንዙ ላይ ባዘነበለ ምሰሶ፣ ውኃው ምን ያህል ወደ ታች እንደራቀ የሚለካ መሣሪያ ሰቀሉ። ልኬቱ በሽቦ ወርዶ መሻገሪያው ዳር ካለች ክፍል ውስጥ ወደተቀመጠ ኮምፒውተር ይገባል። ውኃው ሩቅ ከሆነ መብራቱ አረንጓዴ ይበራል፤ ከቀረበ ቀይ ይሆንና የመዝጊያው ብረት ይወርዳል። አራት ክረምት ሙሉ አንድም ሰው አልሞተም፤ ይህን መርሳት ግፍ ነው።

ታላቁ አንዳርጌ የፕሮግራም ሰው ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ መሣሪያ ሁሉ ከዋናው ሥርዓት ጋር የሚያነጋግረው ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ድራይቨር ይሉታል። አንዳርጌ ልኬቱን ለመቀበል ኮምፒውተሩ ውስጥ ለተሰካው ካርድ ድራይቨር ሲጽፍ ጥብቅ ሕግ አስገባበት። በካርዱና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው መስመር ከተበላሸ ድራይቨሩ «የማይድን ብልሽት» ብሎ ለከርነሉ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ፣ ያመለክታል። ከርነሉም ወዲያው ሁሉን ነገር ያቆማል፤ መብራቱም በራሱ ቀይ ይሆናል። ጥሩ ሕግ ነበር። ችግሩ፣ ድራይቨሩ ካርዱ በሚሰካበት እግር ላይ ያረፈችን አቧራ ከካርዱ ሞት አይለይም፤ ለሁለቱም እኩል ይጮኻል። እህቱ «ትንሹን ከትልቁ ለይልኝ» ብላ ለመነችው። «እሺ፣ ከሰኞ በኋላ» አላት። ስንት ሰኞ መጥቶ እንደሄደ እሱም አልቆጠረው።

ትርንጎ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ሥራውን የምትመራው ናት፤ ስድቡንም የምትቀበለው እሷ ነበረች። አንድ የበጋ እሑድ ኮምፒውተሩ በአቧራ ቆመ። ደረቅ አሸዋ ፊት ለፊት ቀይ በራ፤ ብረቱም ወረደ። ምጥ የያዛት ሴት የጫነች መኪና ሰልፍ ውስጥ ገብታ መውጫ አጣች። ሴትዮዋ እዚያው ወለደች፤ ሕፃኑ ተረፈ፣ እሷም ከብዙ ደም በኋላ ለጥቂት ተረፈች። ትርንጎ ደሙን ከመኪናው ወለል ላይ በገዛ እጇ አጥባ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና ድራይቨሩን ከፍታ «የማይድን ብልሽት» የሚለውን «ማስታወሻ» በሚል ቀየረችው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ሲበላሽ አንድ መስመር ማስታወሻ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ኮምፒውተሩ አይቆምም። አልደበቀችውም። «ቀይሬዋለሁ፤ ስታስተካክለው ትመልሰዋለህ» አለችው ታላቅ ወንድሟን። «እሺ» አላት፤ ፊቱ ግን ተቀየረ፣ ከዚያም ለብዙ ሳምንት ተኳረፉ።

ማስታወሻዎቹን የሚያነበው ልዑልሰገድ ነው። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ እጁ የተባረከ ጠጋኝ። ጠዋት መዝገቡን ያያል፤ ማስታወሻ ካለ ካርዱን ይነቅላል፣ እግሩን በላጲስ ያሻል፣ እፍ ብሎ ይመልሰዋል። አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቶለታል። አንድ የነሐሴ ረቡዕ ግን ማስታወሻው አርባ መስመር ሆኖ ጠበቀው። ካርዱን ሲነቅለው ጠርዙ ላይ ምስር የምታክል የቃጠሎ ምልክት አየ። በላጲስ አሻው፤ ማስታወሻው ቆመ። ቢናገር ታላቅየው «ብያችሁ ነበር» ሊል ነው፣ ትርንጎ ልትቆጣ ነው። ኩርፊያቸው ገና መርገቡ ስለነበር ሌላ ጠብ አላመጣም ብሎ ዝም አለ። የቤቱን ሰላም የሚወድ ሰው ነበር፤ ይኸው ነው ነገሩ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርዱ ሞተ። የሞተ ካርድ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ባዶ አይደለም፤ ካርዱ ሊሰጥ ከሚችለው ቁጥር ሁሉ ትልቁን ነው። ትልቁ ቁጥር ደግሞ እዚህ «ውኃው እጅግ ሩቅ ነው» ማለት ነበር። ድራይቨሩ ማስታወሻውን ጻፈ፤ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

ጌጡ የሚባል ባለባጃጅ መሻገሪያው ጋ ደረሰ። ልብስ የሚያጥብ አንድ ሰውዬ ከዳር ሆኖ ጮኸ።

«ኧረ ጌጡ፣ ቁም! ከላይ ድምፅ አለ!»

«መብራቱን አታየውም እንዴ? አረንጓዴ ነው!»

ብሎ ገባ። ባጃጁን በሦስተኛው ቀን አገኙት፤ እሱን በአምስተኛው።

ጌጡ ለእናቱ ለወይዘሮ ዘርትሁን አንድ ልጅ ነበር። በዚያ አገር የሰው ነፍስ ያለበት ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሐዘንተኛው ደጅ ይወድቃል። ሐዘንተኛው «አውርድ» ካለው ድንጋዩ ይወርዳል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። የአገሩ ሽማግሌዎች ሊለምኗት ሄዱ። እሷም «ሦስት ሆነው ከመጡ ጥፋቱን ሲሶ ሲሶ ሊካፈሉት ነው። ባለቤቱ ይምጣ፤ አንድ ሰው። በአርባው ቀን እጠብቀዋለሁ» አለች።

የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ ፈንታው ሦስቱን ሰብስበው «የማን ነው?» አሏቸው። ጥፋተኛ ይሸሻል ብለው ነበር፤ የገጠማቸው ግን ተሻሚ ነው።

«የኔ ነው» አለ አንዳርጌ። «ለይልኝ ስትለኝ ብለይላት ኖሮ ቃሉን ባልነካችው። አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር።»

«ዝም በል!» አለች ትርንጎ እያለቀሰች። «አንተ ያቆምከውን ያስኬድኩት እኔ ነኝ። እጄ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ባልነካ ጌጡ ዛሬ እዚህ ነበር።»

ልዑልሰገድ አንገቱን እንደደፋ ተናገረ። «እናንተ አላያችሁም። ቃጠሎውን ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ነበረኝ፤ አፌ እዚሁ ነበረ።»

ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ሲያቅታቸው ተመልሰው ከወይዘሮ ዘርትሁን እግር ሥር ወደቁ፦ «እባክሽ ሦስቱም ይምጡ፤ ለሦስቱም አውርዱ በያቸው።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «አባቶቼ፣ እልኸኛ ሆኜ አይደለም» አለች። «ውስጤን ፈተሽኩት። ይቅርታ አለኝ፤ ግን ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ከዚያ በላይ ፈልጌ አጣሁ። ለሦስት ብዬ ብዋሽ ለማናቸውም አይደርስም።»

አቶ ፈንታው ይህን ይዘው ወደ ሦስቱ ተመለሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እያንዳንዳቸው ቅጣቱን የሚሻሙ መስሏቸው ነበር። ለካ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው «አውርድ» ተብሎ የሚያርፈውም እሱ ነው፤ ሁለቱ ባዶ ጫንቃቸውን ይዘው፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሊኖሩ ነው። አንዳርጌ «የኔ ነው» ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤ ለታናናሾቹ ብሎ ይሁን ለራሱ ብሎ መለየት አቃተው። ትርንጎ ወንድሞቿን ተራ በተራ አየቻቸው። ልዑልሰገድ አሁንም ዝም አለ፤ ይህኛው ዝምታው ግን ከበፊቱ ይለይ አይለይ አላውቅም።

እኔ ስንት ጊዜ እንዳወጣሁ እንዳወረድኩት አትጠይቁኝ። አንዱን በመረጥኩ ቁጥር ሌሎቹ ሁለቱ ያሳዝኑኛል። ነገ አርባው ነው፤ ወይዘሮ ዘርትሁን በማለዳ ደጇ ላይ ትቀመጣለች፤ ያላት አንድ ይቅርታ ነው። ነገሩን ከሰኞ ሰኞ ያሳደረው አለ፣ ቃሉን የቀየረችው አለች፣ አይቶ ያልተናገረው አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከሦስቱ ማን ሄዶ ይውደቅ፤ ይቅርታውስ የሚገባው ለማን ነው?