የሐጅ ሱሩር ሦስት ቀን

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይውረድ። የማወጋችሁ በአንዲት የጥንት ከተማ የሆነ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቿ ዛሬም አሉ፣ ያፈሩት ይበቃቸዋል።

በዚያች ከተማ ከጁምዓ መስጊዱ ቁልቁል ሲወረድ ሐጅ ሱሩር የሚባሉ አዛውንት ሱቅ ነበራቸው። ራዲዮው፣ ቴፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእጅ ባትሪው፣ ለሰርግና ለመውሊድ የሚያስፈልገው ሞንታርቦ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚገኘው። ሌላ የሚሸጥ አልነበረም።

ሐጅ ሱሩር አንድ ደንብ ነበራቸው። ዕቃ የገዛቸውን ሁሉ ሦስት ቀን ኺያር ይሰጡታል። ኺያር ማለት፣ ለማያውቅ ልንገረው፣ ገዢ ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ሞክሮ ካልተስማማው የሚመልስበት መብት ነው። ሸሪዓ የሚያውቀው ነገር ነው። እሳቸው ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ይናገሩታል። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስረክቡ፣ «ሦስት ቀን ያንተ ነው። የሦስተኛው ቀን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ነው የምንለያየው» ይላሉ።

መልካም ደንብ ነበረ። ሰው ግን ምን አደረገበት? በዒድ ዋዜማ ቴሌቪዥን ይገዛል፤ ዒዱን ከነዘመዱ ከነጎረቤቱ ሲያይበት ይሰነብታል፤ በሦስተኛው ቀን የአስርን ሰላት ሰግዶ ተሸክሞ ይመጣል። ሞንታርቦ ለሰርግ ይወጣል፤ ሙሽራዋ ቤቷን ሳትለምድ ሞንታርቦው ወደ ሱቁ ይመለሳል። ዕቃ እንደ እንግዳ እየወጣ እየገባ፣ የሚሸጥ ነገር ጠፋ።

ይህን ሁሉ የሚያጸዳው ማን ነው? የሐጅ ባለቤት ጦይባ ናት። ከቴሌቪዥኑ ቁልፍ ላይ ቅቤ የምትጠርግ፣ ከሞንታርቦው አፍ ላይ ሂና የምትፍቅ እሷ ናት። አንድ ቀን ከቴፕ ውስጥ የበግ ጠጉር አወጣች።

«ሐጅ፣ ሱቅ ነው የያዝነው ወይስ የእድር ዕቃ ቤት?» አለች።

«ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ ጦይባ።»

«አደረግኩ! ሰብሬም እንደ ቴፑ ተመልሶ መጣ!»

ከሁሉ ያስመረራት ይማም አደም የሚሉት በርበሬ ነጋዴ ነው። ሀብት አለው፤ ወንዶች ልጆች አሉት፤ ሰርግ አይጠፋበትም። ከእሱ ቤት ያልዋለ ያላደረ ዕቃ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከዒድ በኋላ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ።

«ነውር ተገኘበት?» ሲሉ ሐጅ ጠየቁት። ሁሉንም የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው።

«ነውርስ የለውም ሐጅ። ብቻ ለቤታችን ገዘፈብን።»

«በዒድ ማለዳ ቤታችሁ ሰፍቶ ነበር?» አለች ጦይባ ከጓዳው በር።

«እትዬ ጦይባ ደግሞ ቀልድ ትወዳለች» ብሎ ሳቀ ይማም። ሐጅ ገንዘቡን ሳያጎድሉ መለሱለት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሐጅ ሱሩር ግን ነውር ደብቀው አይሸጡም። ቀጣዩ ገዢ ሲመጣ፣ «ይህ ቴሌቪዥን አዲስ አይደለም ልጄ፤ ዒድ ሄዷል፣ ሰርግም ሄዷል» ይሉታል። ገዢው፣ «እንግዲያማ ከኔ የበለጠ አገር ያውቃል! ሌላ የለም?» ብሎ ይስቃል። ሌላውም ሰርግ ሄዷል። ጦይባ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች።

«ሌሎች ነጋዴዎች እኮ ግድግዳቸው ላይ ጽፈዋል፣ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› ብለው። እርስዎ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተዎት?»

«ለሌሎቹ የሚሆነው ለሌሎቹ ነው» ይሏታል።

ከዚህ በላይ ሱቁ መቆም አልቻለም። ሐጅ ለመዝጋት ቆረጡ፤ ያለውን ዕቃ በወረደ ዋጋ አወጡት። የሚገኘው ምን ላይ እንደሚውል ባልና ሚስት ቀድመው ተነጋግረዋል። እሳቸው በጎልማሳነታቸው ሐጅ አድርገዋል፤ ጦይባ ግን አላደረገችም። ከሱቁ የተረፈው ለእሷ መንገድ ነው። ጎረቤት ሁሉ ገና ከአሁኑ «ሐጃ» እያለ ይጠራት ጀመር። እሷም፣ «ገና ሳልሄድ አትጥሩኝ፤ ሟርት ነው» ትላለች፤ ግን ደስ ይላታል።

የመጨረሻው ቀን ሲመጣ አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ብቻ ቀረ። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፤ የጦይባ መንገድ የሚሞላው በእሱ ነው። ማን ገዛው? ይማም አደም።

ጦይባ ስሙን ስትሰማ፣ «ልጅ እየዳረ ነው» አለች።

ሱቁ ለሌላ ተከራይ ተላለፈ። አዲሱ ሰውዬ የፕላስቲክ ጫማ በገመድ በገመድ እያንጠለጠለ በሩን ሞላው። ሐጅ ሱሩር ግን በርጩማቸውን ይዘው መጡና ከጫማዎቹ ሥር ቁጭ አሉ። በማግስቱም መጡ። ጦይባ ልትወስዳቸው ወረደች።

«ሐጅ፣ ሰው ምን ይላል? የሰው በር ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ይማም ዕቃውን ሊመልስ ቢመጣ የት ያገኘኛል?»

«አያግኝዎታ! እኔስ ዱዓ የማደርገው እንዳያገኝዎት ነው!»

በሦስተኛው ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ጦይባ ራሷ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ዓይኗ ከምዕራብ ተራራ ላይ አልተነሣም። ፀሐይዋ ብትጠልቅ ሽያጩ ጸንቷል፤ መንገዷ ሞልቷል። ፀሐይዋ ተራራውን ስትነካ፣ ሙአዚኑ ወደ ሚናራው ሲያዘግም፣ ከቁልቁለቱ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ ብቅ አለ። ሞንታርቦው ላዩ ላይ ነው። ይማም ከኋላ ይገፋል።

«ጥለቂ! ጥለቂ በያት ሐጃ!» አለ ባለጫማው፤ ነገሩን ሲሰማ ውሎ ከእሷ ብሶ ነበር።

ይማም ላቡን እየጠረገ ደረሰ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደረስኩ!»

«ነውር ተገኘበት?» አሉ ሐጅ።

ይማም ትንሽ አሰበ። «ይጮሃል» አለ።

ጦይባ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ሞንታርቦ እኮ ነው ይማም! ምን ሊያደርግ ነበር፣ ሊያንሾካሹክ?»

«ጦይባ» አሉ ሐጅ። «ፀሐይ አልጠለቀችም።» ከኪሳቸው ገንዘቡን አውጥተው ሰጡት። ወዲያው አዛን ተሰማ። ጦይባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ቤቷ ሄደች። ሞንታርቦው ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጠ፤ አፉ ከነሂናው።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ምን ሆነች? ለባትሪ ድንጋይ እንኳ መኪና መሳፈር ግድ ሆነ። ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ቁርኣን የሚሰሙበት ራዲዮ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ድንጋይ የሚያመጣላቸው እስኪገኝ። አቅም ያለው ሁሉ ወደ ትልቁ ከተማ እየሄደ ይገዛ ጀመር። ግን ያ ሕዝብ አንድ ነገር አልተማረም ነበር። ካርቶን ማስከፈት አያውቅም! ሱቅ ውስጥ ዕቃ መሞከር በሐጅ ሱሩር ዘመን ያልተለመደ ነው፤ የሚሞከረው ቤት ነው። እናም የታሸገ ካርቶን ከፍለው ተሸክመው ይመጣሉ። ቤት ሲከፈት ራዲዮው አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም። ይዘው ሲመለሱ ነጋዴው የግድግዳውን ጽሑፍ በጣቱ ያሳያቸዋል።

«ሦስት ቀን የለንም እንዴ?» ይሉታል።

«የምን ሦስት ቀን?» እያለ ጎረቤቱን ጠርቶ ይስቅባቸዋል።

ይማምም ሌላ ልጁን ሊድር ሲነሣ ከዚያው ከትልቁ ከተማ ሞንታርቦ አመጣ። ቤት ሲከፈት ዲዳ ነው። ሊመልስ ሄደ፤ ተስቆበት መጣ። ሰርጉ ደርሷል። ከዚያ ተናድዶ የማንን በር አንኳኳ መሰላችሁ? የሐጅ ሱሩርን።

«እርስዎ ነዎት ያበላሹን!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አዎ፣ እርስዎ! ካርቶን አስከፍቱ ብለው ነግረውን ያውቃሉ? አገሩን ሁሉ እንደ ሕፃን አስለምደው፣ አሁን ሱቅ ዘግቼአለሁ!»

ጦይባ ከጓዳ ወጣች። በሕይወቷ ያልተናገረችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት ሐጅ ቀደሟት።

«እውነትህን ነው» አሉ ሐጅ። «መንገር ነበረብኝ። አሁን ምን ትሻለህ?»

ይማም ሳሎኑ ጥግ ያለውን ሞንታርቦ አየ፤ ድምፁም ወረደ። «ያንን ሽጡልኝ።»

«ልሽጥልህ። ግን አዲስ አይደለም፤ ሰርግ ሄዷል። ዋጋው ቀንሷል።»

«የሄደው የኔው ሰርግ እኮ ነው ሐጅ!»

«የማንም ይሁን፤ ሄዷል።»

ይማም አንገቱን ደፋ። ሀብታም ሰው ነው፤ እንዲህ ሲያፍር ከተማው አይቶት አያውቅም። «ወላሂ፣ በሙሉ ዋጋ እወስደዋለሁ። እትዬ ጦይባ መንገዷ በኔ ምክንያት እንደቀረ አገር ያወራል። ውሰዱልኝ፣ ዘንድሮ ትሂድ።»

ሐጅ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «መንገዱ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ሙሉ ዋጋው ካዕባ ያደርሳታል፤ የተቀነሰው አያደርሳትም። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይማምን አየችው፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ቀንሱለት» አለች። «ሰውዬው በይሉኝታ ነው የሚከፍለው። ከሰው ፊት በእፍረት በወጣ ገንዘብ ሄጄ እዚያ ምን ብዬ ልቁም? ቀንሱለትና ይሂድልኝ! ከዚህ በኋላ ግን ሂናውን እኔ አልፍቅም!»

ሐጅ ሱሩር ቀንሰው ሸጡ። ዕቃውን በጨርቅ ጠቀለሉና እንደ ወትሮው፣ «ሦስት ቀን ያንተ ነው» አሉ።

«ኧረ በአላህ!» አለች ጦይባ።

ይማምም ደንግጦ፣ «ኺያሩን ትቻለሁ፤ እትዬ ጦይባ ምስክሬ ናት» አለ። በዚያች ከተማ ኺያሩን በገዛ ፈቃዱ የተወ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ፣ «ግን ሐጅ፣ ሱቅዎ ተዘግቶ የለም እንዴ? አሁንም ሦስት ቀን?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሱቁ የኔ ነበር፤ ዘጋሁት። ሦስቱ ቀን የናንተ ነው። የሰው ሀቅ እንዴት ልዝጋ?» አሉ።

ጦይባ በዚያ ዓመት አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ሄዳ እንደሆነ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን ደግሞ ነገሩን ለማሳመር ብዬ አልጨምርም። አላህ የልቧን ኒያ አይቷል።

ወንድሞቼ፣ እኔ ትምህርት ብዙ የለኝም፤ ግን ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ደግ ሰው ሲገጥመን ሞኝ ያገኘን ይመስለናል። የሰጠንን መብት እንደ ብልጠታችን እንቆጥረዋለን። የዚያች ከተማ ሰዎች ቴሌቪዥን የሚመልሱ መስሏቸው ሱቁን ነው የመለሱት፤ በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው። ሐጅ ሱሩር ምን ጎደላቸው? ሪዝቃቸው፣ የዕለት እንጀራቸው፣ ከአላህ ነው። የጎደለባቸው ድንጋይ አጥተው ከዝም ካለው ራዲዮ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው አንድም ቀን ዕቃ መልሰው አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ሰው አምኖ የሰጠህ መብት በእጅህ ካለ፣ ላንተ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስልህ። ካንተ ኋላ የቆመ፣ ተራውን የሚጠብቅ አለ። አላህ ሀቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።