ከጎታው ጀርባ

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ ከአንድ ማዕድ ይቆርሱ በነበረበት ዘመን፣ የወንዝ ዳር አራዊት ማኅበር ነበራቸው። የማኅበሩ ሕግ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ አብረው የበሉ አይበላሉም። ሁለተኛው፣ ማዕድ ላይ ሥጋ አይቀርብም፤ ሥጋው የማን ዘመድ እንደሆነ አይታወቅማ! አያ ጅቦ በሁለተኛው ሕግ ላይ በየወሩ ቅሬታ ያቀርባል። ሰብሳቢው አያ አንበሳም በየወሩ «ሰምተናል፣ ቁጭ በል» ይለዋል።

ከአባላቱ አንዱ በየወሩ በተራው ቤቱን ከፍቶ ያበላል። ድግሱ ሲያበቃ የማኅበሩ ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን ተቀብሎ ሳያበላ የቀረ ግን ከማኅበሩ ይወጣል። ከማኅበሩ የወጣ ደግሞ አብሮ እንዳልበላ ይቆጠራል። አብሮ ያልበላ ምን እንደሚሆን አያ ጅቦ አሳምሮ ያውቃል።

የነሐሴ ተረኛ እመት አህዪት ነበረች።

እመት አህዪት በድግሷ የምትኮራ ባለቤት ነች። «በእኔ ቤት ያደረ ነገር አይቀርብም» ትላለች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ባሏን ቡላን ወንዝ ማዶ ወዳለው ገበያ ልካ ሁሉንም ነገር አዲስ ታስመጣለች። የተረፈውን ለማንም አታሳይም። መጣሉ ስለሚያሳዝናት፣ ማቅረቡም ስለሚያሳፍራት ከትልቁ ጎታ ጀርባ ትወሽቀዋለች። ከወሸቀችው በኋላ ትረሳዋለች።

በዚያ ነሐሴ ቡላ ገበያ ሄዶ ሳለ ወንዙ ሞላ። ሦስት ቀን ተጠበቀ፣ ሳምንት ተጠበቀ፤ ውሃው አልጎደለም። ቡላ ከማዶ ቆሞ ያናፋል፤ እሷ ከወዲህ ቆማ ታናፋለች። ከዚያ በላይ መነጋገር አልተቻለም። ለማኅበሩ አንድ ቀን ሲቀረው እንኮዬ ቀበሮ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋልሽ እመት አህዪት? ቤቱ ምነው ጭር አለ? የነገው ድግስ ሽታ የታለ?»

«ሽታው ማዶ ቀርቷል፣ እንኮዬ። ቡላን ከነጭነቱ ወንዙ ከልክሎታል።»

«ውይ! እስቲ ጓዳሽን ልይልሽ። በጭንቅ ጊዜ የሌላ ዓይን ይሻላል።»

ግቢ ሳትባል ገባች። የጎታውን ክዳን አንሥታ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰደደችና «ኦ!» አለች። ጎታውም «ኦ!» ብሎ መለሰላት።

«ሰማሽው? ‹ባዶ ነኝ› እያለሽ ነው።»

«እንግዲህ ምን ይሻለኛል?»

«ምን ችግር አለ! ነገ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ አያ አንበሳን ‹ጓዳዬ ባዶ ነው፣ ማሩኝ› ትይዋለሽ። ሆዱ ሩኅሩኅ ነው፤ ይምርሻል።»

እንኮዬ ቀበሮ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነው።

«ነገ በራሷ አፍ ትናዘዛለች» አለችው። «ሥጋው የአንተ፣ ጉበቱ የእኔ።»

«ውርንጭሎቹስ? ስንት ነበሩ?» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«ሦስት።»

«ሦስት ስንት ነው?»

«ከሁለት ይበልጣል፣ አያ ጅቦ።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው!»

እመት አህዪት ብቻዋን ስትቀር ሦስቱ ውርንጭሎቿ መጥተው ከበቧት። ትልቁ «እማዬ፣ ራት ምንድን ነው?» አላት።

«ምንም የለም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን መልሳ ዘጋችው። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ብላው ነበር። በግንቦት የማኅበሩ አባል ያልሆነችው ጎረቤቷ እመት ጥንቸል ደጃፏ ቆማ፣ «ለልጆቼ የሚቀመስ ነገር ካለሽ» ብትላት «እህቴ፣ ምንም የለም» ብላ መልሳታለች። ያን ቀን ወደ ጓዳዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ትርፍራፊ ከቤቷ ወጣ እንዳይባል ፈርታ ነበር።

አሁን ተነሣች። በእንኮዬ ቀበሮ ዓይን የታየውን ጓዳ በራሷ ዓይን ልታየው በጎታውና በግድግዳው መሀል ተሸጉጣ ገባች።

መጀመሪያ ያገኘችው አንድ ጆንያ ድርቆሽ ነው፤ ከስንትና ስንት ድግስ የተረፈ፣ በፀሐይ ደርቆ የተደበቀ እንጀራ። ሦስት ቅል ሽሮ አገኘች፤ ሦስቱም ታቻቸው ላይ ጥቂት ጥቂት ነበራቸው። ስንዴው አንድ ቁና አይሞላም። ሽንብራው ከስንዴው ያንሳል፤ ባቄላው ደግሞ ከሽንብራው። በማሰሮ ተልባ ነበር። ግማሹ የበቀለ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ፣ ልጆቹ ልሰው የተዉት የአሞሌ ስባሪም ወጣ።

«እማዬ፣ ይኼ ሁሉ የእኛ ነው?» አለች ትንሿ።

«የእኛ ነው» አለች እመት አህዪት። ድምፅዋ ግን የደስተኛ ድምፅ አልነበረም። ይህ ሁሉ በግንቦትም እዚሁ ነበር።

እህሉን በውሃ ዘፈዘፈችና ገና ሳይመሽ ወደ እመት ጥንቸል ቤት ሄደች።

እመት ጥንቸል ደጇ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

«በግንቦት ‹የለም› ብዬሽ ነበር» አለች እመት አህዪት።

«አስታውሳለሁ።»

«ነበረኝ።»

የእመት ጥንቸል እጅ ቆመ። «ያን ቀን ልጆቼ ምን በልተው እንዳደሩ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የጎመን ግንድ። ልጬ፣ ቀቅዬ፣ በአንድ ቁንጥር አብሽ አጣፍጬ አቀረብኩላቸው። ‹እማዬ፣ ነገም ይደገም› አሉኝ።» ይህን ስትል አንገቷ ቀና አለ። «ቅር ያለኝ ባለማግኘቴ አይደለም። ባዶ ማሰሮ አዲሴ አይደለም። ቅር ያለኝ ሳታዪ መመለስሽ ነው።»

የእመት አህዪት ሁለት ጆሮዎች ወደ ታች ወረዱ። «ይቅር በይኝ። እንድታበስይልኝ አይደለም የመጣሁት። ነገ ጅብ ቢበላኝ እንኳ ይህን ሳልናገር እንዳልሞት ብዬ ነው።»

እመት ጥንቸል አንዲት የጎመን ቅጠል ቀነጠሰች፤ ሌላ ደገመች። ከዚያ ሽርጧን አራግፋ ተነሣች።

«ምን ምን አለሽ?»

እመት አህዪት አንድ በአንድ ነገረቻት።

«ተልባው ተቆልቷል?»

«አልተቆላም።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? ያን የሚያህል ጆሮ ይዘሽ ‹የተልባ ፍትፍት› ሲባል ሰምተሽ አታውቂም?»

«ስለ ጆሮ እንኳ አንቺ ባታወሪ» አለች እመት አህዪት። ሁለቱም ሳቁ። ከግንቦት ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ማልደው ሥራ ጀመሩ። ለእመት ጥንቸል ከጥቂት ነገር ብዙ ማውጣት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችው ሙያ ነው። ጓዳው መሀል ቆማ እንደ ጦር አበጋዝ ታዝዛለች። «ስንዴው ብቻውን አንድ ቤት አይመግብም። ሽንብራውም አይመግብም። ባቄላውንማ ተዪው። አንድ ድስት ውስጥ ጨምሪያቸውና ንፍሮ ይሁኑ፤ ያኔ አገር ያጠግባሉ። ሦስቱን ሽሮ አንድ ላይ ገልብጪው፤ አንዱ ቢያቃጥል ሌላው ያበርደዋል።» ተልባው ተቆልቶ ተወቀጠ፣ በውሃ ተመታ። ድርቆሹ ሊፈተፈትበት ተራውን ይጠብቃል።

«ይህ በርጩማ ምንድን ነው?» አለች እመት ጥንቸል በድንገት።

«ዱባ ነው። ልጆቹ የሚቀመጡበት።»

«ልጆቹን አስነሺ።»

እንኮዬ ቀበሮ ጢሱን ከሩቅ አየችና እየሮጠች አያ ጅቦ ዋሻ ደረሰች። «አንድ ነገር አግኝታለች! ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ግባና ያለውን ጠራርገህ ብላ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አቤት! ሥራ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አያ ጅቦ።

ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ፣ እሱ በጓሮ በኩል ገባ። ጓዳው ውስጥ የተከደነ ንፍሮ ነበር፤ የዱባ ወጥ ነበር፤ በየማሰሮው ሽታ ነበር። የአያ ጅቦ ዓይን ግን ትልቁ ጎታ ላይ አረፈ። «ትንንሹ እንዲህ ከሸተተ ትልቁማ ምን ሊሆን ነው!» ክዳኑን ወርውሮ በአናቱ ዘለለ።

ጎታው ባዶ ነበር። አፉም ጠባብ ነበር። አያ ጅቦ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ከነእግሩ ውስጡ ተተክሎ ቀረ። አፍንጫው ብቻ በታችኛው የእህል ማውጫ ቀዳዳ በኩል ብቅ ብላለች።

ውሃ ተሸክመው የተመለሱት የጎታውን ክዳን መሬት ላይ አገኙት። «ነፋስ ጥሎት ይሆናል» አሉና አንሥተው ገጠሙበት።

በእኩለ ቀን ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። አያ አንበሳ ከላይ ተቀመጠ፤ ዝንጀሮና ከርከሮ ግራና ቀኝ ሆኑ። እንኮዬ ቀበሮ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አያ ጅቦስ? ከማዕድ ቀርቶ አያውቅም እኮ» አለ አያ አንበሳ።

«ይመጣል» አለች እንኮዬ ቀበሮ ቶሎ ብላ። «ይልቅ እመት አህዪት፣ ለአያ አንበሳ የምትነግሪው ነገር አልነበረሽም?»

«አለኝ።» እመት አህዪት መሀል ቤት ቆመች። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ዛሬ ከገበያ የመጣ አንድም ነገር የለም። የምታዩት ሁሉ ያደረ ነው። ድርቆሹ የከረመ ነው። ሽሮው የሦስት ቅል ልቃሚ ነው። ዱባው ላይ ልጆቼ ሲቀመጡበት ነበር። ያለኝ ይህ ነው፤ ብሉልኝ።»

አያ አንበሳ ከተልባው ፍትፍት አንድ ጊዜ ጎረሰ። ጢሙን ላሰ። ደግሞ ጎረሰ። ወደ ዱባው ወጥ ዞረና እየደጋገመ ጎረሰ።

«እመት አህዪት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ በመጨረሻ። «ልጆችሽ ከእንግዲህ በየትኛው ዱባ ላይ ነው የሚቀመጡት? ከአሁኑ ልወቀው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዝንጀሮ ንፍሮውን በሁለት እጁ እያፈሰ፣ «‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› ያሉት ይህንን ነው» ቢል፣ አያ አንበሳ «እኔን ያሰረኝ ድር አይደለም፤ ንፍሮ ነው» አለው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ በቤቱ ዞሮ ዞሮ፣ በጎታው ቀዳዳ በኩል አንዲት አፍንጫ ደረሰ። አያ ጅቦ እስከዚያ ድረስ በፍርሃት ዝም ብሎ ነበር። አሁን ግን አልቻለም።

«እንኮዬ ቀበሮ!» አለ ጎታው።

ማኅበርተኛው በድንጋጤ ብድግ አለ።

«እንኮዬ! ኧረ አውጪኝ! ጉበቷን እንደተባባልነው ውሰጂው! ውርንጭሎቹንም ሦስቱንም ውሰጂ! ብቻ ከዚያ ወጥ አንድ ጭልፋ አቀብዪኝ!»

እንኮዬ ቀበሮ በሩ አጠገብ ነበረች። ይህ ከተሰማ በኋላ በሩ አጠገብ አልነበረችም።

አያ አንበሳ ወደ ጎታው ተጠጋ። «አንተ ጅብ! በማኅበርተኛህ ሥጋ ላይ ተዋዋልክ?»

«ዛሬ እኔ መቼ አብሬ በላሁ?» አለች አፍንጫይቱ። «ያልበላ ደግሞ ሕጉ አያስረውም!»

ይህ ለጅብ ጥሩ ክርክር ነበር። ውርንጭሎቹ ወደ እናታቸው ሆድ ተጠጉ። አያ አንበሳም ጎፈሩን ነቀነቀ። «እመት አህዪት፣ ቤቱ የአንቺ ነው። እንደተከደነ ትተነው እንሂድ?»

እመት አህዪት በቀዳዳዋ ውስጥ የምትርገበገበውን አፍንጫ አየች። እመት ጥንቸልንም አየች። ከዚያ ጭልፋውን አነሣች።

«አንድ ጊዜ ለተራበ ‹የለም› ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተፈጨልኝም» አለች። የዱባ ወጡን ሞልታ ቀዳዳው ሥር አስጠጋችለት። ረጅም ምላስ ወጥታ ጭልፋውን ላሰችው።

«ይደገም» አለ ጎታው።

አያ አንበሳ ቤቱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «በላ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ፣ በላ! አብረው የበሉ አይበላሉም። ከነምላሱ ታሰረ!»

አያ ጅቦ የሚወጣው ጎታው ሲሰበር ብቻ ስለነበር፣ ከርከሮ በግንባሩ ገጭቶ ሰበረው። «ይህን የመሰለ ጎታ!» ብለው ሲያዝኑ፣ እመት አህዪት «ይሰበር፤ ከእንግዲህ የምሸፍንበት ነገር የለኝም» አለች። ከኋላው የነበሩት ቅሎችና ማሰሮዎች በፀሐዩ ብርሃን ለሁሉም ታዩ። እሷም አላፈረችም።

በመጨረሻ ጽዋውን አንሥታ ለእመት ጥንቸል ሰጠቻት። የማኅበሩ አዲስ አባል፣ የመስከረም ተረኛ ሆነች ማለት ነው።

«እሷ ደግሞ ምን አላትና ታበላናለች?» ብሎ አጉረመረመ ከርከሮ።

እመት ጥንቸል ጽዋውን ታቅፋ ቀና አለች። «ገና ጓዳዬን አላየሁም። ካየሁ በኋላ ጠይቀኝ።»

ያን ሰዓት ቡላ ከወንዙ ማዶ በጭንቀት አናፋ። እመት አህዪት ደጅ ወጥታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ መለሰችለት። ከዚያ በላይ መነጋገር አላስፈለገም፤ ቡላ ጭነቱን አውርዶ ሣሩን ይግጥ ጀመር።

ከዚህ የምንማረው «የለም» ለማለት አፋችንን ከመክፈታችን በፊት የጓዳችንን በር መክፈት እንዳለብን ነው።