የባሏ አባት ስም

የሰው አእምሮ የሚመዝን አንድ ፈታኝ ነበረ። አትቁነጥነጪ ሐመልማል! «ዶክተር፣ የፈተናውን መመሪያ በቃሌ ይዤው ሳለሁ ምን ሲሉ ሌላ ስድስት ወር ከኋላዬ ተቀምጠው ያዩኛል?» ብለሽ የለም? እሱን ነው የምመልስልሽ።

ይህ ፈታኝ እንዳንቺው በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ይዟል። መመሪያውንም እንደ ውኃ ጠጥቶታል። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ላከበት። የባሏ ወንድሞች፣ «አእምሮዋ ደክሟል፤ ቤቷንና መሬቷን እኛ እናስተዳድር» ብለው አመልክተዋል። ፈታኙ «ደክሟል» ብሎ ከፈረመ አለቀላት።

ወንድማማቾቹ በር ላይ ቆመዋል። ታላቅየው ፈታኙን ጠጋ ብሎ፣ «የአባታችንን ስም ይጠይቋት፤ ጨርሶ ረስታዋለች» አለው።

ጠየቃት። ሌላውን እንደምንም መልሳ ነበር። የባሏ አባት ስም ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ደገመላት፤ ዝም። ሰለሰላት፤ አሁንም ዝም። እሱ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። ዜሮ ሰጥቶ ነጥቧን ደመረ። ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደላት። ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሳ።

«ልጄ» አለች፣ «እሱን ጽፈህ ስታበቃ እኔ የት ልደር?»

ያኔ ገና ቀና ብሎ አያት። የረሳ ሰው ፊት አይደለም፤ የፈራ ሰው ፊት ነው። ፈታኙ ብድግ ብሎ ወንድማማቾቹን አልፎ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወጣ። ከዚያው ከሴትየዋ አገር መጥተው ካርድ የሚጠብቁ ሦስት ባልቴቶች ተቀምጠዋል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው። አንደኛዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሁለተኛዋ ፊቷን አዞረች። ሦስተኛዋ ተቆጣች፤ «አንተ ባለጌ! በኛ አገር ምራት የአማቷን ስም ትጠራለች እንዴ? ምን ነክቶሃል?»

ታላቅ ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ነገሩን ያውቅ ነበራ!

ፈታኙ ተመልሶ ገባና፣ «እማማ፣ ስማቸውን ይተዉት። ስለ እሳቸው ብቻ ይንገሩኝ» አላት። ከማሳቸው ወሰን እስከ ተቀበሩበት ቦታ፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ቤቷም ተረፈላት።

አየሽ ሐመልማል፣ መመሪያው አልዋሸም። ዝም ላለ ሰው ዜሮ ስጥ ይላል፤ ሴትየዋም ዝም ብላለች። ኮሪደሩ ግን መመሪያው ውስጥ የለም። አንቺም ትናንት ያን ጎልማሳ ስትፈትኚው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀና ብለሽ አላየሽውም። እንዲህ እያደረግሽ ያ ፈታኝ ማለት አንቺ ነሽ። እኔም ከኋላሽ የምቀመጠው ቀና እስክትይ ድረስ ነው።

ደግሞ ልንገርሽ፤ ከዚያች አሮጊት በፊት እኔው ራሴ እንዲሁ ዝም ባሉ ሁለት ሴቶች ላይ ፈርሜያለሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ የተቀመጠ ማንም አልነበረም።