ከተማ ሆኖ የተስማማልን ሰው

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አቶ መክብብ የሚባል የልማት ፕሮጀክት ባለሙያ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍርልን ዱቡሻችን ድረስ መጣ። ዱቡሻ እኛ ጋሞዎች ተሰብስበን ነገራችንን የምንጨርስበት ሜዳ ነው። ሁሉም ሳይናገር፣ ሁሉም እሺ ሳይል አይወሰንም። ሁለት ቀን ይፍጅ ሦስት ቀን፣ ቁጭ ነው።

ሰውየው ግን ቸኩሏል። ቆሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን «ሕብረተሰቡን ስለ ማሳተፍ» አስተማረን። ሰው እጁን ሲያወጣ «ጥያቄ በመጨረሻ» ይላል። መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ ሰዓት አለቀ አለ። እንግዲህ ተሳተፍን ማለት ነው።

ጉድጓዱም ታች ረግረጉ ጋ ይቆፈራል አለን። ያዘልኳትን ልጄን ጠበቅ አደረግኳት። ክረምት ላይ የመንደሩ ሽንት ቤትና የከብቱ እበት ታጥቦ የሚወርደው እዚያ ነው። አምና ልጄ ከዚያው ጠጥታ፣ ተቅማጥ ይዟት ከእጄ ልታመልጥ ነበር።

አጠገቤ ለተቀመጡት ለሸማኔው ለጋሽ አንጁሎ «ኧረ ጋሼ፣ አንድ ነገር በሉት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ቆይ ልጄ። እንግዳ አይደል? ይጨርስ።»

አቶ መክብብ በአውራ ጣታችን እንድንፈርም ቀለምና ወረቀት አወጣ። ሾፌሩ ደግሞ ከመኪናው ላይ ትልቅ ታፔላ አወረደ። «በሕብረተሰቡ ሙሉ ስምምነት የተቆፈረ» ይላል።

ጋሽ አንጁሎ ተነሡ።

«እንዴት ያምራል የኔ ልጅ! መቼ ተጻፈ?»

«ባለፈው ሳምንት ነው አባቴ። ከተማ አስጽፈነው።»

«ባለፈው ሳምንት ተስማምተን ነበር በለኛ።»

«ያው... ለፎርማሊቲ ነው አባቴ።»

«ጎሽ። እንግዲያው ከተማ ሆኖ የተስማማልንን ሰው ፈልገህ አምጣው። ጣቱን እሱ ይንከርልህ። ክረምትም ሲገባ እዚሁ ቤት እንሰጠዋለን፣ ውሃውን እሱ ይጠጣልናል።»

ሜዳው በሳቅ አውካካ። አቶ መክብብ ዞሮ ሾፌሩን ቢያይ፣ እሱም ይስቃል።

«እሺ፣ የት ይቆፈር ትላላችሁ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ አንጁሎ ተመልሰው ቁጭ አሉና አጠገባቸው ያለውን ሳር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ተቀመጥ። ሰባ ሰው ነን። መጀመሪያ ልጅ ያዘለችው ትናገር።»