አፉ የተለሰነ ግድግዳ

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጥከው በተለይ ስማኝ፤ የዛሬው ተረት በሩን ስላጡ ሰው ነው።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ደግሞ ከኖኅ መርከብ ጋር እንዳታገናኙት፤ ሲሚንቶ አገራችን ከገባ ወዲህ ነው። ያኔ ግድግዳ አፍ ነበረው። መስታወት ምላስ ነበረው። ምስጥም ከመብላቱ ሌላ ነገር መጎንጎን ታውቅበት ነበር። ሰውም ቢሆን የቤቱን ዕቃ ንግግር ይሰማ ነበር፤ መስማት የፈለገ ቀን።

በዚያን ጊዜ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ያቆሙት አቶ ይርዳው የሚባሉ ሰው ናቸው። እንጨቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሳቸው ረግጠው አቆሙት። ሚስታቸው እማማ ማንጠግቦሽ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ጨርሶ በጠፋ ጊዜ፣ አቶ ይርዳው ግድግዳውን እንደገና መረጉና ጭቃው ሳይደርቅ መዳፋቸውን ሦስት ቦታ ላይ አተሙበት። አንዱን ከአልጋው ራስጌ፣ አንዱን ከመደቡ ማለቂያ፣ አንዱን ከበሩ መቃን አጠገብ። ሚስታቸውን በነዚህ እጆች ሂጂ አሏቸው። ከግድግዳው ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ ደግሞ፣ "እኔ የሞትኩ እንደሆነ እስከ በሩ አድርስልኝ" አሉት። ግድግዳው እሺ አለ። አቶ ይርዳው በዓመቱ ሞቱ።

ግድግዳው ቃሉን ጠበቀ። እማማ ማንጠግቦሽ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ሲነሱ እጃቸውን ከመጀመሪያው መዳፍ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ ዳበስ ዳበስ እያሉ ሁለተኛው ላይ ይደርሳሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ በሩ ነው። ግድግዳው መዳፋቸው ባረፈበት ቁጥር ደስ ይለው ነበር፤ ለሌላ ነገር የተፈጠረም አይመስለውም።

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ የልጃቸው የጥላዬ ሚስት ትርንጎ እበትና አመድ ለውሳ ግድግዳውን በእጇ ትለቀልቀዋለች። ያን ቀን ግድግዳው እንደ ልቡ ያወራል። እዚህ ጋ ተሰንጥቄያለሁ ሲላት ትደፍንለታለች። እዚህ ጋ ርሼአለሁ ሲላት ታደርቅለታለች። እግሬ ስር ምስጥ ትኮረኩረኛለች ሲላት አመድ ትጨምርለታለች። መጨረሻ ላይ እማማን ክንዳቸውን ይዛ፣ ሦስቱ መዳፎች እንዳይደፈኑ በእርጥቡ እበት ላይ በራሳቸው እጅ ታሳትማቸዋለች።

ይህ ነገር ያንገበገባት ምስጥ ናት። በአንደኛው ዓመት ልትወጣ ሞከረች፤ አመዱ ጉሮሮዋን ዘጋት። በሁለተኛው ዓመት ሞከረች፤ መንገዷ በእበት ተደፈነ። በሦስተኛው ዓመት ሞከረች፤ የትርንጎ ጣት የዘመዶቿን ግማሽ ጨረሰ። ምስጥ ጉድጓዷ ገብታ ስታስብ ሰነበተችና አንድ ነገር ገባት። ያስቸገረኝ አመዱ አይደለም፣ እጇ ነው አለች። እጇን ከግድግዳው ላይ የሚያነሳልኝ ባገኝ ሌላው ቀላል ነው አለች።

አገኘችም። ከከተማ የመጣ አንድ መስታወት ከአልጋው ትይዩ ተሰቅሎ ነበር። እንዲህ ያለ ኩራተኛ አይታችሁ አታውቁም። ምስጥ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ጌታዬ እንዲህ የሚያምር ፊት ይዘህ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስታይ መዋልህ ያሳዝነኛል አለችው። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሁሉ ባንተ ይደምቅ ነበር አለችው። መስታወት ሌላ አልጠየቀም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ትርንጎን ይጠብቃት ጀመር።

ትርንጎ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ነገር ግን የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሊደርስ ነው። ከሷ በፊት ያስተናገደችው ጎረቤት ቤቷን አሳድሳ፣ ሶፋ አስገብታ፣ ማኅበርተኛውን ሁሉ አፍ አስከፍታለች። ትርንጎ ጠዋት ፀጉሯን ልታበጥር ስትቆም መስታወት፣ "ከኋላሽ ያለውን መደብ አየሽው? እንግዳ እዚያ ላይ ልታስቀምጪ ነው?" አላት። ተሸማቀቀች። መደቡ ፈረሰ፤ ሶፋ ገባ። ከመደቡ ጋር ታስሮ የነበረው የግድግዳው እግርም ብርድ ተሰማው።

በሌላው ቀን መስታወት ስለ ወለሉ ነገራት። ወለሉ ተቆፍሮ ሴራሚክ ተነጠፈበት። እማማ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ሲረግጡት ተንሸራተው ጉልበታቸውን ተመቱ፤ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቤቱ ግን ሳሎን ሳሎን መምሰል ጀምሯል። በሦስተኛው ቀን መስታወት ስለ ግድግዳው ተናገረ። ጥላዬም ከከተማ ግንበኛ አመጣ።

ግድግዳው ያን ቀን ለመነ። ትርንጎን፣ ጭቃ ነኝና ላብ ይወጣኛል፣ በሲሚንቶ ብትሸፍኑኝ እታፈናለሁ አላት። ቢያመኝ ማን ይነግርሻል አላት። ሰምታዋለች። ግን የማኅበሩ ቀን ቀርቦ ነበርና ያልሰማች መሰለች።

እማማ ማንጠግቦሽም ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውን ጠሩት።

"ጥላዬ፣ ያሻችሁን አድርጉ። የአባትህን እጆች ብቻ ተዉልኝ።"

"እተውልሻለሁ እማዬ" አለ ጥላዬ።

ሄዶ ለግንበኛው ነገረው። ግንበኛው ሳቀ። በልስን መሃል ሦስት የእጅ ጉድጓድ ይተዋል ወይ፣ ነገ የማን ሥራ ነው ሲባል የኔ ስም ሊጠራ ነው አለ። ጥላዬ ሰው ፊት ላለማፈር ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ናት ቤቱን ያፈረሰችው፤ ምስጥማ የመጣችው ኋላ ነው። ግንበኛው በግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ ወጠረ፤ ሚስማሩን መታ፤ ሲሚንቶውን ለሰነ። ከበሩ አጠገብ የግድግዳው አፍ የነበረች አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ እሷንም ለሰናት። ቀጥሎ ሦስቱን መዳፎች ሞላቸው።

እማማ በማግስቱ ተነስተው ቢዳብሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ጥላዬ፣ ከአልጋሽ እስከ በሩ ገመድ እዘረጋልሻለሁ አላቸው። ገመዱንም ገዝቶ መጣ። ነገር ግን በአዲሱ ሳሎን መሃል ገመድ ማኅበርተኛው ሲያይ ምን ይላል? ከማኅበሩ በኋላ እሰቅለዋለሁ አለ። ከማኅበሩ በኋላ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ አለ። እስከዚያው ትርንጎ እጃቸውን ይዛ ታወጣቸው ነበር፤ ሰው ከሌለ ከአልጋቸው አይነሱም።

ማኅበሩስ አማረ። ሁሉም ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ አደነቀ። መስታወት ቀኑን ሙሉ ሲያብለጨልጭ ዋለ። ጳጉሜን ሲመጣ እበት የለወሰ፣ አመድ የነሰነሰ የለም። ምስጥ ከነዘመዶቿ በሴራሚኩ ስር አልፋ ወጣች። ጨለማ ነው፣ ሙቀት ነው፣ የሚያባርራት የለም። ቋሚውን በላች። ማገሩን በላች። ጭዱን እንኳ አልማረችም። ግድግዳው ያመዋል፤ አፉ ግን ተለስኗል።

የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እማማ ማንጠግቦሽ ከራስጌያቸው ያለውን ግድግዳ በጣታቸው ሲመቱት ድምፁ ተለወጠባቸው። "ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው። እንደ ቅል ነው የሚጮኸው" አሉ። ጥላዬ መጥቶ ሌላ ቦታ ላይ በጡጫው መታ መታ አደረገና፣ ሲሚንቶ እኮ ነው እማዬ፣ ድንጋይ በይው አላቸው። እሳቸውም ልጃቸውን አመኑ።

በዓመቱ ነሐሴ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥላዬና ትርንጎ ለቅሶ ሄደው፣ እማማ ብቻቸውን ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ውሃው የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ግድግዳው እንደማይቆም አወቀ። ይውጡ ሊላቸው ፈለገ፤ የወጣው ግን ሲጥ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። እማማ ግን ገባቸው።

"ሰምቼሃለሁ" አሉት። "እየወጣሁ ነው።"

ተነሱ። እጃቸውን ከራስጌያቸው አኖሩ፤ ለስላሳ ነው። ዳበስ ዳበስ እያሉ ሄዱ፤ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው መዳፍ በነበረበት ቦታ ሶፋው ገጠማቸው። ሊዞሩት ብለው ግድግዳውን ለቀቁ፤ ሴራሚኩ ላይ አንዴ ተንሸራተቱ፣ ሁለቴ ተንሸራተቱ፣ በሦስተኛው አቅጣጫቸው ጠፋባቸው። ግድግዳው ጥርሱን ነክሶ ጠበቃቸው። የቀረችውን ጉልበት ሁሉ ይዞ፣ ወደ ውጭ ለመውደቅ ራሱን እየገፋ ጠበቃቸው። በመጨረሻ የእማማ እጅ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ወደ መጡበት ተመልሰው ነበር፤ ያረፈው እዚያው ከራስጌያቸው ያለው ግድግዳ ላይ ነው።

"ይርዳው፣ በሩ ይሄ ነው?" አሉ።

ግድግዳው አይደለም ማለት አልቻለም። ወደ ውጭ ልውደቅ ሲል ተበልተው ያለቁት ቋሚዎች አልታዘዙለትም። ወደ ውስጥ ወደቀ።

ጥላዬ መጥቶ ፍርስራሹን በእጁ ሲያነሳ፣ መስታወቱ ደቅቆ አገኘው። እናቱን ከአልጋቸው ብዙም ሳይርቁ አገኛቸው። ከበሩ አጠገብ የወደቀ አንድ ሰፊ የልስን ቁራጭ ሲገለብጥ ደግሞ፣ በጀርባው ላይ አንድ የሲሚንቶ እጅ ጎልቶ ወጥቶ ነበር። ግንበኛው የሞላው የአባቱ መዳፍ ነው። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል፣ የሆነ ሰው ሊይዙ እንደፈለጉ። ጥላዬ መዳፉን እዚያ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ገመዱ ከነጥቅሉ ዕቃ ቤት ተንጠልጥሎ ነበር።

ምስጥስ? ምን ትሆናለች፣ ጎረቤቶች አዲስ ልስን ሲለስኑ ሰምታ ወደዚያ ሄደች። ግድግዳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይናገርም። ዘሩ ሁሉ ዝም ያለው አፉን ስለደፈኑት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ በሩ ላደርስ የተቀበልኩትን ሰው ገደልኩ ብሎ ነው።

እንግዲህ ተረቴን አስረከብኳችሁ። ቤታችሁን አድሱ፣ አሳምሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ከቤቱ ውስጥ በእጁ የሚያይ ሰው ካለ እሱን ጠይቁት፤ የለመናችሁንም ነገር ለነገ አታሳድሩ። አሁን ሂዱ፤ ስትገቡም ግድግዳችሁን መታ መታ አድርጋችሁ ስሙት።