በቅሎ የተሰጠበት ማሲንቆ

ውድ ገዛ ተብሎ የሚታማ ሰው በእኛ አገር ብዙ አይከራከርም፤ አንዲት አጭር አባባል ወርውሮ ዝም ይላል። አባባሏን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ የተነገረችበትን ቀን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸውና እነሆ።

ላቀው የሚባል አዝማሪ ነበር። እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሚስቱ ስንዱ ታዜማለች፤ አንዲት በቅሎ ላይ እየተፈራረቁ ከሠርግ ሠርግ ይዞራሉ። በቅሎዋ የስንዱ ናት፤ አባቷ ሲድሯት የሰጧት። ላቀውን በግጥም የሚያህለው አልነበረም። መከራው ማሲንቆው ነበር። የገበያ ዕቃ ነውና ዳሱ በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ቆዳው ይረግባል፣ ዜማው ይወርዳል፣ ስንዱም ድምፅዋን ይዛ አብራ ትወርዳለች። አንድ ሠርግ ላይ ሚስቱ በዕድሜዋ ካዜመችው ሁሉ የሚበልጠውን ስታዜም፣ ከኋላ የተቀመጡት «ምን አለች? ምን አለች?» ተባባሉ። ላቀው ያን ቀን ከእንግዲህ ወይ ዳሱ ሙሉ ይሰማናል፣ ወይ ማሲንቆ በእጄ አልይዝም ብሎ ማለ።

በማግሥቱ ለማንም ሳይናገር በቅሎዋን ጭኖ ቢምረው ዘንድ ሄደ። ቢምረው እንጨቱን ሁለት ክረምት ከምድጃ በላይ ሰቅሎ የሚያደርቅ፣ ቆዳውን ፀሐይ ሳያሳይ በጥላ ሦስት ጊዜ የሚወጥር፣ በዓመት ከሁለት ማሲንቆ በላይ የማይሠራ ግትር ሰው ነው።

«ስንት ትለዋለህ?» አለው ላቀው አንዱን ማሲንቆ እያሳየ።

«የመጣህባትን በቅሎ።»

«ኧረ ተው! ፍየል ከነግልገሏ ልስጥህ።»

«ፍየሏ ለቆዳው ትሆናለች። ሁለት ክረምቴንስ በምን ልትከፍለኝ ነው?»

ላቀው ደጋኑን አንሥቶ ማሲንቆውን አንድ ጊዜ መታው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም፤ ልጓሙን አስረክቦ በእግሩ ተመለሰ።

ስንዱ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«በቅሎዬስ?»

«ይኸውልሽ» አለና ማሲንቆውን አሳያት።

«ወይ ጉድ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የአባቴን በቅሎ ለጉማጅ እንጨት?»

«መጀመሪያ ስሚው፣ ከዚያ ፍረጂ።»

«አልሰማም! የባላምባራስ ዘለቀን ሠርግ እታገሥሃለሁ። ከዚያ በኋላ ወይ በቅሎዬን ታመጣለህ፣ ወይ እኔ አባቴ ቤት ነኝ።»

ላቀው ሚስቱን ይወዳታል፤ ቃሏን እንደማታጥፍም ያውቃል። ፈራ። ሰዎች «መልስና ይቅርታ ጠይቃት» ብለው መከሩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉም ሣቁበት። እሱ ግን አልመለሰም።

ባላምባራስ ዘለቀ የልጅ ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ደረሰ። ባልና ሚስት ሙሉ መንገዱን በእግራቸው ሄዱ። ስንዱ እግሯ ውኃ ቋጥሮ ታነክስ ነበር። ሲደርሱ አዳሙ የሚባል ሌላ አዝማሪ ቀድሞ ዳሱን ይዞታል። ማለዳውን አዳሙ ደህና ተጫወተ። ቀትር ሲሆንና ዳሱ በእድምተኛ ሲታፈን ግን ማሲንቆው ረገበበት። እሳት ዳር ወስዶ እያሞቀ ቢመለስም፣ ሁለት ዘፈን ሳይሞላ እንደገና ይረግባል። ያን ጊዜ ላቀው ተነሣና አዲሱን ማሲንቆ እየመታ፣ ሁሉ እየሰማው እንዲህ አለ፦

«በቅሎዋን ሰጠሁኝ ሳልጠይቅ ባሏ፣
ይሰማልኝ ብዬ የሚያምረው ቃሏ።»

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዜማውን ተቀበለችው። ድምፅዋ ዳሱን አልፎ ወጣ፤ ውጭ ጠላ የሚቀዱት ሴቶች እንስራቸውን ትተው እልል አሉ። እድምተኛው ከፊት እስከ ኋላ ተነሣ።

«ድንቅ ነው!» አለ አዳሙ ቅናት ይዞት። «ግን እንጨቱ ምን አደረገ? ሰዎቹ፣ ባልና ሚስቱ ናቸው እንጂ!»

«እውነት ነው፣ ሰዎቹ ናቸው!» አለ ዳሱ።

ለሌላ አዝማሪ ይህ ምስጋና ነው። ለላቀው ግን መርዶ ሆነበት፤ ሰዎቹ ከሆኑ በቅሎዋ በከንቱ ሄዳለች ማለት ነዋ። የስንዱን ፊት ሲያይ እሷም ይህንኑ እያሰበች ነው። አዝማሪ በሠርግ መሐል ማሲንቆውን ለባላንጣው አይሰጥም፤ ሽልማቱም ስሙም አብሮ ይሄዳልና። ላቀው ግን የራሱን ለአዳሙ ዘረጋለት።

«እንካ፣ ምታው። ያንተን ለኔ ስጠኝ።»

መጀመሪያ ላቀው በአዳሙ ማሲንቆ ተጫወተ። ያ ሁሉ ግጥም ከሦስተኛው መደብ አላለፈም፤ ከኋላ ያሉት ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ቀጥሎ አዳሙ በላቀው ማሲንቆ ገባ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እስክስታ ወረዱ፣ ሚዜዎቹም ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለት ጀመር። ላቀው የረገበውን ማሲንቆ ታቅፎ ባዶ ግንባሩን ይዞ ቆመ፤ ዓይኑን ግን ከስንዱ ላይ አላነሣም።

ስንዱ ብድግ አለች። እያነከሰች መሐል ገብታ ማሲንቆውን ከአዳሙ እጅ መነተፈችው።

«በቃህ! በቅሎዬን ነው የያዝከው!» አለችና ወስዳ ለባሏ አስታቀፈችው። «በል ምታ፣ ገና አልጠገብኩም።»

ዳሱ በሣቅ ፈነዳ። ባላምባራስ ዘለቀም ከመደባቸው ላይ ተነሥተው፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ምን ትከራከራላችሁ ልጆቼ፣ ገበያ ዋጋ ይጠራል፣ ዳስ ይፈርዳል» አሉ።