በልብስ ሰፊው ቤት የተጠጣው ወይን

አንድ ነጋዴና አንድ ዳኛ በዳግም ትንሣኤ እሑድ ማታ፣ በነጋዴው ቤት፣ እራቱ ሳያልቅ ተጣሉ። ያጣላቸው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ሁለቱም ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጅ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የቆየ ነው። ነጋዴው ገና የሱቅ ሻጭ፣ ዳኛውም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ፣ ልብስ ሰፊ የሆነ ጓደኛቸው አገባና በዳግም ትንሣኤ እራት ጠራቸው። ሁለቱም አንዳንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው ሄዱ፤ ነጋዴው ጣፋጩን፣ ዳኛው ደረቁን። ቤቱ ገበታ አልነበረውምና የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ተነጠፈ። ሙሽራይቱ ወይዘሮ ፋንታዬ ጠርሙሶቹን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ወይኑን በጆግ ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ ማታ ወዲህ እንደዚያ ያለ ወይን ጠጥተው አያውቁም። በዚህ ሁለቱም ይስማማሉ። የማይስማሙት ወይኑ የማን እንደነበር ነው።

"የኔ ነበር" ይላል ነጋዴው። "ያንተን ለሌላ ቀን ብላ አስቀምጣዋለች።"

"ያስቀመጠችውስ ያንተን ሽሮፕ ነው" ይላል ዳኛው። "ልጅ ስወልድ ለሳል ይሆነኛል ብላ።"

በየዓመቱ በዚያው ቀን ሦስቱ ጓደኛሞች አብረው እራት ይበሉ፣ ክርክሩም ይነሣ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን "ጠጣችሁት፣ አለቀ፤ አሁን ምን ትሆናላችሁ?" እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሱ ሲሞት የሚስቅ ሰው ጠፋ። ጨዋታው ቀስ በቀስ ቂም ሆነ።

በተጣሉበት ማታ ነጋዴው ነገሩን ሊቋጭ አስቦ ሁለቱን ዓይነት ወይን ገዝቶ ነበር። ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቀለላቸው። ባለቤቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ከጥብሱ ጋር ተራ በተራ ቀዳችላቸው።

"በል፣ ምላስ ይፍረድ" አለ ነጋዴው።

ዳኛው የመጀመሪያውን ቀመሰ። "ይሄ አይደለም።" ሁለተኛውን ቀመሰ። "ይሄም አይደለም።"

ነጋዴውም ሁለቱን ቀመሰ። ለእሱም አንዱም ያ አልነበረም። ጨርቁ ሲገለጥ ግን ጠርሙሶቹ እነዚያው የድሮዎቹ ዓይነት ናቸው።

"የኔን ከውስጥ ቀይረኸዋል" አለ ዳኛው። "የነጋዴ ነገር።"

"በገዛ ቤቴ፣ በማዕዴ ላይ አጭበርባሪ አልከኝ?"

ዳኛው ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ዳግም ትንሣኤ ተመልሶ ሲመጣ ነጋዴው ገበታው ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይዘረጋ ቀረ። ባለቤቱ ታየው ታየውና "እናንተ ሰዎች፣ የቀዳችው ሴት እኮ በሕይወት አለች" አለችው። "ያ ጓደኛህ ምስክር ሳይጠራ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የሚፈርደው?"

ነጋዴው በማግስቱ ለዳኛው "ምስክር አግኝቻለሁ፣ ፋንታዬ ቤት ና" ብሎ ላከበት። ዳኛው መጣ። "ለምስክሩ ስል እንጂ ላንተ አልመጣሁም" ብሎ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ነጋዴው ሁለቱን ጠርሙሶች ይዞ ነበር።

ወይዘሮ ፋንታዬ ጥያቄውን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች።

"ለዚህ ነው የተኳረፋችሁት? የትኛው ይሻላል ብዬ የምለይበት ምን እውቀት ነበረኝ? ቤታችን የነበረው ጆግ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱንም እሱ ላይ ገለበጥኳቸው።"

ከዚያ እሷው ያንኑ ጆግ ከጓዳ አመጣች፤ ቀለሙ ተላልጧል። ሁለቱን ወይኖች አንድ ላይ ቀዳችበት።

ዳኛው ቀመሰና ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ወንድሜ፣ ያን ማታ ያልኩህን…"

"ጠጣ አንተ ሰውዬ!" አለው ነጋዴው።

ሁለቱም "ይሄ ነው" አሉ። ትክክል መሆኑን ግን ማረጋገጥ አይቻልም። ሦስተኛው ቀማሽ የለም፤ የስፌት መኪናውም ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል።

ሁለቱም አልዋሹም። እያንዳንዱ ያስታወሰው ራሱ ይዞት የሄደውን ብቻ ነው። ሰው ካለፈው ማዕድ የራሱን ድርሻ አጥርቶ ያስታውሳል፤ ያጣፈጠለትን የሌላውን ድርሻ ግን ይረሳል። ከዚያም ያንን ጣዕም ብቻውን ሲፈልግ ይኖራል፤ ብቻውን ደግሞ አይገኝም።

እርስዎስ "ያ ጊዜ" እያሉ በሚያነሡት ትዝታ ውስጥ፣ የማንን ጠርሙስ ረስተው ይሆን?